«ቢደውሉልኝ ኖሮ በመጣሁ ነበር» በስፓኒሽኛ እንዴት ይባላል?

አስጎብኚው (ላሊበላ)

የመድረኩ ተሳታፊዎች፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ላሊበላ ውስጥ በአስጎብኚነት የምሠራ ሰው ነኝ። ስፓኒሽኛን የተማርኩት ከእንግዶች አፍና ከስልኬ እንጂ ከመምህር አይደለም፤ ስለዚህ ወሬው ይሳካልኛል፣ ሰዋስው ላይ ስደርስ ግን እወድቃለሁ። ከሁለት ሳምንት በፊት የወደቅኩበትን ልንገራችሁ።

አራት ስፔናውያን እያስጎበኘሁ ነበር። ከመካከላቸው አንዲት በዕድሜ የገፉ ሴት በቤተ ማርያም የሌሊቱን ቅዳሴ ማየት ፈለጉና፣ ከእንቅልፋቸው ሲነሡ እንዲደውሉልኝ ተነጋግረን ተለያየን። ስልኬን ትራሴ ሥር አድርጌ ተኛሁ፤ ማንም አልደወለም። ሲነጋ ሆቴሉ ስደርስ ሴትዮዋ ከገበያ የገዙትን ነጠላ እስከ ግንባራቸው ተከናንበው፣ ጫማቸው በጤዛ ርሶ በረንዳው ላይ ቆመዋል። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ጀምሮ ሲጠብቁኝ እንደቆዩ ነገሩኝ። እኔ በልቤ «ቢደውሉልኝ ኖሮ መጥቼ ነበር» እያልኩ፣ ከአፌ የወጣው ግን ይህ ነው፦ «ሲ ሜ ኣቢያ ያማዶ፣ ዮ ኣቢያ ቤኒዶ።»

ፊታቸው ወዲያው ተለወጠ። «መጥተህ ነበር? መቼ? እኔ እዚሁ ቆሜ አልነበረም እንዴ?» አሉኝ። ለማስረዳት «ኣቢያ ቤኒዶ፣ ኣቢያ ቤኒዶ» ባልኩ ቁጥር ነገሩ እየባሰ ሄደ፤ መጨረሻ ላይ ሳልመጣ መጣሁ የሚል ውሸታም ሆኜ አረፍኩት። ቀኑን ሙሉ ሳያናግሩኝ ዋሉ። ጥፋቴ የት ላይ እንደሆነ የምታውቁ ብታስረዱኝ ምስጋናዬ ላቅ ያለ ነው። ስፓኒሽኛውን በፊደላችን የጻፍኩት ሁሉም እንዲያነበው ስለሆነ፣ እናንተም እንዲሁ ብታደርጉ ደስ ይለኛል።

ከኩባ የተመለሰ (ደሴ)

ልጄ፣ የጎደለህ አንዲት «ር» ብቻ ናት። «ኣቢያ ቤኒዶ» ማለት «መጥቼ ነበር» ማለት ነው፤ ድርጊቱ ተፈጽሟል። አንተ ልትል የፈለግከው ያልተፈጸመውን፣ ነገር ግን ሊፈጸም ይችል የነበረውን ነው፤ ያ ደግሞ «ኣብሪያ ቤኒዶ» ይባላል። ሴትዮዋ የሰሙት የተናገርከውን ስለሆነ ልትፈርድባቸው አይገባም።

እኔ በ1970ዎቹ በሺዎች ከሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆች ጋር ወደ ኩባ ከሄዱት አንዱ ነኝ። ትምህርት ቤታችን የወጣቶች ደሴት በምትባለው ደሴት ላይ ነበር፤ ግማሹን ቀን እንማራለን፣ ግማሹን ቀን በብርቱካንና በግሬፕፍሩት እርሻ ላይ እንሠራለን። እኔም በመጀመሪያው ዓመት ያንኑ ስሕተት ሳልሠራ አልቀረሁም፤ አማርኛችን በ«ነበር» የሚጨርሰውን ሁሉ በ«ኣቢያ» ለመመለስ እንቸኩላለን። በኣብሪያ ውስጥ ሌላም የሚገርም ነገር አለ። የስፓኒሽኛው «ሪያ» ራሱ ከጥንቱ «ኣቢያ» የመጣ ቅሪት ነው፤ በቀድሞው ዘመን ከግሡ ዋና ቅርጽ ኋላ ለብቻው ይነገር የነበረ ሲሆን፣ በጊዜ ብዛት ተለጥፎ አንድ ቃል ሆነ። እንግዲህ «ኣብሪያ» ስትል ያንን ግሥ ሁለት ጊዜ እየጠራኸው ነው።

ስትጽፍ በመጀመሪያው ላይ ድምፅ የሌለውን «ኣቼ» የተባለውን ፊደል እንዳትረሳ። ያለ እርሱ ከተጻፈ «ይከፍት ነበር» የሚል ሌላ ቃል ይሆናል፤ ለጆሮ ግን ሁለቱም አንድ ናቸው።

ተርጓሚዋ (ኮምቦልቻ)

ጋሼ የተናገሩት ሁሉ ትክክል ነው፤ እኔ ከአማርኛው ወገን ልጨምርበት። ሰነድ በመተርጎም የምተዳደር ስለሆንኩ ከዚህ ግሥ ጋር በየቀኑ እገናኛለሁ፤ የደረስኩበትም መደምደሚያ «ነበር»ን ጨርሶ መመልከት አያስፈልግም የሚል ነው። መመልከት ያለብን «በ»ን ነው። «መጣሁ»፣ «መጥቼ ነበር» እና «በመጣሁ ነበር» የሚሉትን አስተያዩአቸው። በሦስተኛው ላይ ከግሡ ፊት የቆመችው «በ» ድርጊቱን ካለመሆን ዓለም ውስጥ ታስገባዋለች፤ ስፓኒሽኛ ያንኑ ሥራ በ«ር» ይሠራል። በሁኔታው ወገን ያለው «ኖሮ» ደግሞ የ«ኡብየራ» ድርሻ ነው። ስለዚህ «ቢደውሉልኝ ኖሮ በመጣሁ ነበር» የሚለው ቁልጭ ብሎ «ሲ ሜ ኡብየራ ያማዶ፣ ኣብሪያ ቤኒዶ» ይሆናል። «ኖሮ» ባለበት ኡብየራ፣ «በ…ነበር» ባለበት ኣብሪያ።

አንድ ነገር ግን በመስታወት እንደሚታይ ፊት ይገለበጣል። በአማርኛ ሰው የሚቆጠረው በዋናው ግሥ ላይ ነው፤ በመጣሁ፣ በመጣህ፣ በመጣን እያለ ይሄዳል፣ «ነበር» ግን እንደ ድንጋይ አይነቃነቅም። በስፓኒሽኛ የሚነቃነቀው ረዳቱ ነው፦ ኣብሪያ፣ ኣብሪያስ፣ ኣብሪያ፣ ኣብሪያሞስ፣ ኣብሪያይስ፣ ኣብሪያን። «ቤኒዶ» ለወንድም ለሴትም፣ ለአንድም ለብዙም ቤኒዶ ነው። ሴት ስለሆንኩ «ኣብሪያ ቤኒዳ» ማለት አለብኝ ብዬ ለብዙ ወራት ስሳሳት ኖሬአለሁ።

የሐይቁ መምህር

እኅታችን የሰጡት ሕግ ያማረ ነው፤ ይሁን እንጂ አስጎብኚው ወንድማችን መጀመሪያ በልባቸው ያሰቡትን ዓረፍተ ነገር መልሰው ያንብቡት። «ቢደውሉልኝ ኖሮ መጥቼ ነበር» ነው ያሉት፤ «በ» የለችበትም። ይህ ደግሞ ስሕተት አይደለም፤ እኛ ወሎዎች ብቻ ሳንሆን አማርኛ ተናጋሪ ሁሉ የሚለው ነው። «ባትይዘኝ ኖሮ ወድቄ ነበር» እንላለን፤ ማንም ሰው «በወደቅኩ ነበር» እስኪል ድረስ አይጠብቅም። ታዲያ «በ» በሌለችበት ተማሪው ምን ይዞ ይለይ?

በተጨማሪም ሦስተኛ መልክ አለ። «እሄድ ነበር» የሚለው ልማድንም ያልሆነን ነገርም ይሸከማል። «ልጅ ሳለሁ ሰኞ ሰኞ ባቲ ገበያ እሄድ ነበር» ስል ልማዴን መናገሬ ነው፤ ስፓኒሽኛው «ኢባ» ይላል። «ጊዜ ቢኖረኝ ኖሮ ባቲ እሄድ ነበር» ስል ግን አልሄድኩም። የሚመጣው ሰኞ ነው ወይስ ያለፈው ሰኞ? አማርኛው አይነግረንም፤ ስፓኒሽኛ ግን ሳይለይ አያልፍም። በሩ ገና ካልተዘጋ «ሲ ቱቢየራ ቲየምፖ፣ ኢሪያ» ይላል፤ ሰኞው ካለፈ፣ ገበያውም ከተበተነ «ሲ ኡብየራ ቴኒዶ ቲየምፖ፣ ኣብሪያ ኢዶ» ይላል። ለእኔ ከ«ር»ዋ ይልቅ የሚከብደው ይህ ነው።

ተርጓሚዋ (ኮምቦልቻ)

መምህር፣ ተሸንፌአለሁ፤ ግማሹን ብቻ ነው ግን። ሕጌን ላሻሽለው። «በ» ባትኖርም እንኳ ብትገባ ትርጉሙ ይቀየራል ወይ ብለን እንጠይቅ። «ባትይዘኝ ኖሮ ወድቄ ነበር» በሚለው ላይ «በወደቅኩ ነበር» ብንል ያው ነው፤ ስለዚህ ኣብሪያ ነው፦ «ሲ ኖ ሜ ኡብየራስ ኣጋራዶ፣ ሜ ኣብሪያ ካይዶ።» «ትናንት ላሊበላ መጥቼ ነበር» በሚለው ላይ ግን «በመጣሁ ነበር» ካልን ጉዞው ሳይደረግ ይቀራል፤ ስለዚህ ኣቢያ ነው።

ይህም ካልሆነላችሁ የአድማጩን ጥያቄ አስቡ። የተናገራችሁትን የሰማ ሰው «ታዲያ መቼ ተመለስክ?» ብሎ የሚጠይቅ ከሆነ ኣቢያ ነው፤ «ታዲያ ምን ከለከለህ?» የሚል ከሆነ ኣብሪያ ነው። ስፔናዊቷ «መቼ?» ብለው መጠየቃቸው የሰሙት ኣቢያ እንደነበረ ራሱ ይመሰክራል።

ስለ በሩ መዘጋትና አለመዘጋት ያሉትን እኔም እስማማበታለሁ። እንዲያውም ሁለቱ ጊዜያት በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ የሚገናኙበት አለ። «ሲ ኡብየራ ኤስቱዲያዶ፣ ኦይ ኣብላሪያ ቢየን» ስንል፣ ያልተማርነው ድሮ ነው፣ አጥርተን የማንናገረው ግን ዛሬ ነው፤ ስለዚህ ኋለኛው ክፍል ኣብሪያን አይፈልግም።

አስጎብኚው (ላሊበላ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። «ምን ከለከለህ?» የሚለውን በደብተሬ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጽፌዋለሁ። አሁን ግን ሌላ ነገር አደናገረኝ። ባለፈው ዓመት ከቢልባኦ የመጡ እንግዶች ነበሩኝ፤ አንደኛው ዝናብ ልብስ ባለመያዙ ሲያማርር «ሲ ሎ ኣብሪያ ሳቢዶ…» («ባውቀው ኖሮ…») እያለ ነበር፤ በጆሮዬ ሰምቻለሁ፣ መዝግቤዋለሁም። እዚህ «ሲ» ካለ ኡብየራ ነው ትሉኛላችሁ። የአገሩ ሰው ተሳስቶ ነው?

ከኩባ የተመለሰ (ደሴ)

የሰማኸው ትክክል ነው፤ ሰውየውም የአገሩን ንግግር ነው የተናገረው። በሰሜን ስፔን፣ በባስክ አገርና በናቫራ፣ በቡርጎስም በኩል፣ ከ«ሲ» በኋላ ኣብሪያ ማለት የተለመደ ነው። ይሁን እንጂ በጽሑፍም ሆነ በፈተና ላይ ስሕተት ሆኖ ይቆጠራል፤ ሌሎቹ ስፔናውያንም ሲሰሙት ጆሯቸው ይቆማል። አንተ እንግዳ ተናጋሪ ስለሆንክ ለእርሱ የሚታለፍለት ላንተ አይታለፍልህም፤ ተወው።

የተገላቢጦሹ ግን ይፈቀዳል። እኛ ኩባ ውስጥ የተማርነው በሁለቱም ወገን ኡብየራን መደርደር ነበር፦ «ሲ ሎ ኡብየራ ሳቢዶ፣ ኡብየራ ቤኒዶ።» ይህ የሰፈር ቋንቋ እንዳይመስልህ፤ እ.ኤ.አ. በ1713 የተቋቋመው የስፔን ንጉሣዊ አካዳሚም ይቀበለዋል። እንዲህ ሆኖ ይታሰብህ፦ ኡብየራ ወደ ኣብሪያ ቤት ገብቶ ሊያድር ይችላል፤ ኣብሪያ ግን የ«ሲ»ን ደጃፍ አይረግጥም።

«ሲ»ን ጨርሶ ማስወገድም ይቻላል። «ዴ ኣቤርሎ ሳቢዶ፣ ኣብሪያ ቤኒዶ» ብትል «ባውቀው ኖሮ» የሚለው በአጭሩ ይነገራል። ኡብየራን በየሰው መዘርዘር ለሚያስቸግረው ሰው ይህ ትልቅ ማምለጫ ነው፤ እኔ አሁንም ስደክም እጠቀምበታለሁ።

የወልድያው ኳስ ወዳድ

ጥያቄዬ ትንሽ ልትሆን ትችላለች። የስፔን ስፖርት ጋዜጦችን በስልኬ እየሰበርኩ አነባለሁ። አንድ ቀን «ኤል ክሉብ ኣብሪያ ፊቻዶ ኣል ኹጋዶር» የሚል አነበብኩና፣ «ክለቡ ተጫዋቹን አስፈርሟል» ብዬ ቡና ቤት ተቀምጠው ለነበሩት ጓደኞቼ ሁሉ አወጅኩ። ተጫዋቹ እስከ ዛሬ የቀድሞ ክለቡ ውስጥ ነው። በዚያ ዓረፍተ ነገር ውስጥ «ሲ» አልነበረም፤ ታዲያ ኣብሪያ ምን ሊሠራ ገባ?

ተርጓሚዋ (ኮምቦልቻ)

ወንድሜ፣ ጥያቄህ ትንሽ አይደለችም። ያነበብከው «ተጫዋቹን አስፈርሟል ተብሏል» የሚል ነው። ጋዜጠኛው ወሬውን ሰምቷል፣ ኃላፊነቱን ግን መውሰድ አልፈለገም፤ ስለዚህ በኣብሪያ ጀርባ ተከለለ። በአማርኛ ዜና «ተብሏል»፣ «መሆኑ ተሰምቷል» የሚሉት የሚሠሩት ይህንኑ ነው። በላቲን አሜሪካ ጋዜጦች ላይ እጅግ የተለመደ ሲሆን፣ አንዳንድ የጋዜጣ አጻጻፍ መመሪያዎች ግን አይወዱትም፤ ጋዜጠኞች እንዲርቁት ይመክራሉ። አንተ ግን አንባቢ ስለሆንክ መተርጎም እንጂ መራቅ አትችልም።

ያለ «ሲ» የሚመጣባቸው ሌሎች ቦታዎችም አሉ። አንደኛው ግምት ነው፦ «ኩዋንዶ ያሜ፣ ያ ኣብሪያ ሳሊዶ» ማለት «በደወልኩበት ሰዓት ወጥቶ ሳይሆን አይቀርም» ማለት ነው። ሁለተኛው በአማርኛ አቻ የሌለው ስለሆነ ዘርዘር ላድርገው። አንድ ሠራተኛ «እስከ ሁለት ሰዓት እጨርሳለሁ» ቢለን፣ እኛ ለሌላ ሰው ስንናገር የሰውየውን ቃል እንዳለ እንወስዳለን፦ «እስከ ሁለት ሰዓት እጨርሳለሁ አለ።» የግሡ ጊዜ አይነካም። ስፓኒሽኛ ግን ተናጋሪው «አለ» ብሎ ወደ ኋላ በሄደ ጊዜ የተነገረውንም ግሥ ይዞት ይሄዳል፦ «ዲኾ ኬ ኣ ላስ ኦቾ ያ ኣብሪያ ቴርሚናዶ።» ኦቾ ስምንት ነው፤ የእኛ ሁለት ሰዓት። በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሰዓቱንም ግሡንም መገልበጥ ስለሚኖርብኝ፣ ቀጠሮ የሞላበት ሰነድ ሲመጣልኝ ሁለት ጊዜ ሳላነብ አልሰጥም።

ሥልጣኔና ትሕትና ለሚፈልግ ደግሞ «ሜ ኣብሪያ ጉስታዶ» አለ፤ «ደስ ባለኝ ነበር» ማለት ነው። እዚህ ላይ ሁለቱ ቋንቋዎች እጅ ለእጅ ይያያዛሉ። አስጎብኚው ወንድሜ፣ ጊዜ ላጠራቸው እንግዶች «ሜ ኣብሪያ ጉስታዶ ኤንሴኛርሌስ ይምርሐነ ክርስቶስ» ብትላቸው፣ ሳይከፋቸው የሚቀጥለውን ጉዞ ያስባሉ።

የሐይቁ መምህር

በስም በኩል አንድ ነገር ልጥቀስ፤ ተማሪ መጽሐፍ ሲቀያይር እንዳይጠፋ ነው። ይህ የግሥ መልክ በአንዱ መጽሐፍ «ኮንዲሲዮናል ኮምፑዌስቶ»፣ በሌላው «ኮንዲሲዮናል ፔርፌክቶ»፣ በቆዩት ደግሞ «ፖቴንሲያል ኮምፑዌስቶ» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1847 ሰዋስው ያሳተመው አንድሬስ ቤዮ «ኣንቴፖስፕሬቴሪቶ» ብሎታል። ሁሉም ያው ኣብሪያ ናቸው።

እንግዲህ ለመለማመጃ ከአገራችን ነገር ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ላቅርብ። በደጋው ወሎ በልግ ሲቀር ገብስ ይቀራል፤ ስለዚህ የመጀመሪያው «በመጋቢት ዘንቦ ቢሆን ኖሮ ገብስ ባጨድን ነበር» የሚል ነው፦ «ሲ ኡብየራ ዮቢዶ ኤን ማርሶ፣ ኣብሪያሞስ ኮሴቻዶ ሴባዳ።» ሁለተኛው ከእኛ ከሐይቅ ወደ ወልድያ ሲሄዱ ከሚያገኙት ከውጫሌ ነው። በ1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል 17ኛ አንቀጽ በአማርኛው ንጉሡ በጣሊያን በኩል መላላክ «ይቻላቸዋል» ሲል፣ ጣሊያንኛው ግዴታ አደረገው፤ በአንድ ግሥ የተነሣ ምን እንደተከተለ ሁላችንም እናውቃለን። «ሲ ሎስ ዶስ ቴክስቶስ ኡብየራን ዲቾ ሎ ሚስሞ፣ ሜኒሊክ ኖ ኣብሪያ ሬቻሳዶ ኤል ትራታዶ።» ሁለቱ ጽሑፎች አንድ ዓይነት ብለው ቢሆን ኖሮ፣ ምኒልክ ውሉን ባልተቃወሙ ነበር።

እዚህ «ዲቾ» የሚለውን ልብ በሉ። «ዴሲዶ» አይባልም። «ኤቾ» (የተደረገ)፣ «ቢስቶ» (የታየ)፣ «ኤስክሪቶ» (የተጻፈ)፣ «ፑዌስቶ» (የተቀመጠ)፣ «ኣቢየርቶ» (የተከፈተ)፣ «ሮቶ» (የተሰበረ)፣ «ብዌልቶ» (የተመለሰ) እንዲሁ በቃል የሚያዙ ናቸው። ሌላው ተሳቢው ነው። እኛ «ባደረግኩት ነበር» ብለን «ት»ን ከግሡ ሆድ ውስጥ እንከታለን፤ እነርሱ «ሎ ኣብሪያ ኤቾ» ብለው ከረዳቱ ፊት ያስቀምጡታል። በኣብሪያና በኤቾ መካከል ሌላ ቃል ባይገባ ይመረጣል፤ እኔ ለተማሪዎቼ በመካከላቸው ክር አይለፍ እላቸዋለሁ።

አስጎብኚው (ላሊበላ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሴትዮዋ ወደ አገራቸው ተመልሰዋል፤ ነገር ግን ስልካቸው ስላለኝ ዛሬ ማታ ልጽፍላቸው አስቤአለሁ። ከመላኬ በፊት እዩልኝ፦ «ሴኞራ፣ ሲ ሜ ኡብየራ ያማዶ ኣኬያ ኖቼ፣ ኣብሪያ ቤኒዶ ኣል ኦቴል።» በዚያች ሌሊት ቢደውሉልኝ ኖሮ ወደ ሆቴሉ በመጣሁ ነበር ማለቴ ነው። ጋሼ፣ በተለይ የእርስዎን አስተያየት እጠብቃለሁ።

ከኩባ የተመለሰ (ደሴ)

ልጄ፣ ጊዜው አሁን በትክክል ገብቷል። ሁለት ነገሮች ብቻ ቀርተውሃል።

ኣብሪያ ለ«እኔ»ም ለ«እርሱ»ም፣ ለ«እርስዎ»ም አንድ ነው፤ ኡብየራም እንዲሁ። እንዳለ ከላክኸው ማን እንደደወለና ማን እንደሚመጣ ሴትዮዋ መገመት ሊኖርባቸው ነው። «ሲ ኡስቴድ ሜ ኡብየራ ያማዶ፣ ዮ…» ብለህ ሰዎቹን ለይ።

ሁለተኛው «ቤኒዶ» ነው። የዚያን ዕለት ጠዋት በረንዳው ላይ አብረሃቸው ቆመህ ብትለው ኖሮ ልክ በሆነ ነበር፤ ምክንያቱም «ቤኒር» ተናጋሪው ወዳለበት መምጣት ነው። አሁን ግን የምትጽፈው ከቤትህ ሆነህ ነው፤ ሆቴሉ ደግሞ ወዲያ ነው፤ ስለዚህ «ኣብሪያ ኢዶ»፣ «በሄድኩ ነበር» በል። እኛ ወደምናናግረው ሰው ስንሄድ «እመጣለሁ» እንላለን፤ እነርሱ «እሄዳለሁ» ይላሉ። በደሴቲቱ ላይ ምግብ አብሳይዋ ከወጥ ቤት ስትጠራን እኛ የአበሻ ልጆች «ቤንጎ! ቤንጎ!» እያልን እንሮጥ ነበር፤ «መጣሁ፣ መጣሁ» ማለታችን ነው። እርሷም ጭልፋዋን እንደያዘች በሩ ላይ ቆማ «ቦይ! ቦይ!» እያለች ታርመን ነበር። እኔ እስከ ዛሬ ባለቤቴ ስትጠራኝ «መጣሁ» ከማለቴ በፊት አንዳንዴ «ቦይ» ያመልጠኛል።